ነጥብና ሰረዝ፤ የአንድ የመርከብ ራዲዮ ሠራተኛ ትዝታ

የሞርስ መምቻ የሚባለው መሣሪያ ሲያዩት እጅግ ቀላል ነገር ነው። ከአንድ ስንዝር የማትበልጥ የናስ ዘንግ፣ ከሥርዋ አንዲት ሞላ፣ ከጫፍዋ ሦስት ጣት የሚያርፍባት ጥቁር ክብ እጀታ፣ እርስ በርሳቸው የሚነካኩ ሁለት ትንንሽ የብረት ነጥቦች፤ ይኸው ነው። ሲጫኑት የኤሌክትሪኩ መንገድ ይገጥማል፤ ሲለቁት ይቋረጣል። በር ከመክፈትና ከመዝጋት የተለየ ጥበብ የለውም። ነገር ግን የሰው ልጅ በዚህች ታናሽ ዕቃ ከመቶ ዓመት በላይ የጦርነትና የዕርቅ፣ የልደትና የሞት፣ የገበያና የፍቅር ወሬ ከዓለም ዳር እስከ ዳር ሲያደርስ ኖሮአል። እኔም የጉልምስና ዘመኔን አብዛኛውን ከእርስዋ ጋራ በባሕር ላይ አሳልፌአለሁ።

ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ግን ያረጀ ዕቃ ለማሞገስ አይደለም። ወጣት አንባቢዎች ሆይ፣ ተማሪዎችም ብትሆኑ፣ በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ አጠገብ በቅርቡ የተቀመጣችሁ ጸሐፊዎችም ብትሆኑ፣ በእጃችሁ የሌላ ሰው ቃል ማለፉ አይቀርም። አንዱ የነገራችሁን ለሌላው ትነግራላችሁ፤ ማመልከቻ ትመዘግባላችሁ፤ የአለቃችሁን ትእዛዝ ታስተላልፋላችሁ። የሌላውን ሰው ቃል ሳይጨምሩ፣ ሳይቀንሱና ሳያዘገዩ ማድረስ ቀላል ይመስላል። ቀላል አለመሆኑን ያስተማረችኝ ይህች መምቻ ናትና ከትዝታዬ ጥቂቱን ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ ስለ ሞርስ ታሪክ ባጭሩ ልናገር። ሳሙኤል ሞርስ አሜሪካዊ ሠዓሊ ነበር። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1844 ከዋሽንግተን እስከ ባልቲሞር በተዘረጋ ሽቦ የመጀመሪያውን ይፋ የቴሌግራፍ መልእክት ላከ። የአሠራሩ ጥበብ በእንግሊዝኛ ጽሕፈት ብዙ ጊዜ ለሚመላለሱት ፊደላት አጭሩን ምልክት መስጠት ነው። ስለዚህ «ኢ» የምትባለው ፊደል አንዲት ነጥብ ብቻ ናት፤ «ቲ» አንዲት ሰረዝ ብቻ ናት። ቀጥሎ ጣልያናዊው ማርኮኒ ሽቦ የማያስፈልገውን ቴሌግራፍ ለሥራ አበቃና እ.ኤ.አ. በ1901 ከእንግሊዝ አገር የተላከች ምልክት አትላንቲክን ተሻግራ እንደ ተሰማች አስታወቀ። ያችም «ኤስ» የምትባለው ፊደል ነበረች፤ ሦስት ነጥብ። ከዚያ ወዲህ መርከብ ከወደብ ከወጣች በኋላ እንደ ሞተ ሰው የምትረሳበት ዘመን አለፈ።

እኔ ሞርስን የተማርኩት በ1955 ዓ.ም. ምጽዋ ውስጥ በባሕር ኃይል ማሠልጠኛ ነው። ከደጋ የሄድን ልጆች ስለ ነበርን አስቀድሞ የፈተነን ትምህርቱ ሳይሆን ሙቀቱ ነበር። ላቡ ከክንዳችን ወርዶ የምንጽፍበትን ወረቀት ያርሰዋል፤ እጀታዋም ከጣታችን ታሟልጫለች። መምህራችን የውጭ አገር ሰው ነበር። በመጀመሪያው ቀን ነጥብና ሰረዝ በደብተራችን ላይ እንዳንጽፍ ከለከለን። «ይህ ለዓይን የተሠራ አይደለም፤ ለጆሮ ነው። ነጥብ የሚቈጥር ሰው መቼም ኦፕሬተር አይሆንም» አለን። ስለዚህ «ኤ»ን «ዲ-ዳ»፣ «ኤን»ን «ዳ-ዲ»፣ «ኤፍ»ን «ዲ-ዲ-ዳ-ዲ» እያልን እንደ ዜማ ተማሪ በቃላችን ያዝናቸው። በዜማ ቤት ያደገ አንድ ጓደኛችን ነበረ፤ እኛ ሁለት ወር የፈጀንበትን እርሱ በሦስት ሳምንት ጨረሰው። ጆሮው አስቀድሞ ተገርቶ ነበርና አልተቸገረም።

ለሁለተኛ ደረጃ የምስክር ወረቀት የሚጠየቀው በደቂቃ 20 ቃል ተራ ንባብ፣ ትርጉም ከሌለው የተደባለቀ ፊደል ደግሞ 16 ቡድን መቀበልና መላክ ነበር። ከሁለቱ የሚከብደው ትርጉም የሌለው ነው ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። መምህራችን ግን ተራው ንባብ የበለጠ አደገኛ መሆኑን አስረዳን። ትርጉም ያለውን ቃል ስትሰማ ግማሹን እንደ ሰማህ ቀሪውን ልብህ ይጨርሰዋል፤ እጅህም ያልተባለውን ይጽፋል። ሰው የሚሳሳተው ባላወቀው ነገር ብቻ ሳይሆን ያወቀ በመሰለውም ነገር ነው። ይህን ትምህርት በኋላ በመሥሪያ ቤቶችም አካባቢ ብዙ ጊዜ አስታውሼዋለሁ።

ሌላም ነገር አለ። በሞርስ ውስጥ ዝምታውም እንደ ድምፁ ይለካል። ሰረዝ የነጥብ ሦስት እጥፍ ናት። በአንድ ፊደል ውስጥ ባሉት ምልክቶች መካከል የአንድ ነጥብ ያህል ዝም ይባላል፤ በፊደልና በፊደል መካከል የሦስት፣ በቃልና በቃል መካከል የሰባት ነጥብ ያህል። ይህን ልክ ያላወቀ ሰው ጣቱ የፈጠነ ቢሆን እንኳ የሚልከው ሁሉ ትርጉም የሌለው ጩኸት ይሆናል። አባቶቻችን «ዝም አይነቅዝም» ያሉት ለሞርስ የተነገረ ይመስለኛል።

እንግዲህ ሁሉም ሰው በአንድ ልክ ይላክ ቢባልም የሁለት ሰው እጅ አንድ አይሆንም። አንዱ ሰረዙን ጥቂት ይጐትታል፤ ሌላው ነጥቦቹን ያጣድፋል፤ ሦስተኛው የጥሪውን ስም ሲያበቃ እንደ ትንፋሽ ያለች ዕረፍት ያደርጋል። ስለዚህ ፊቱን አይቼው የማላውቀውን ሰው ከድምፁ ሳይሆን ከእጁ አውቀው ነበር። ቀይ ባሕር ላይ ወዲያና ወዲህ በምትል አንዲት የጭነት መርከብ ውስጥ የሚሠራ አንድ ሰው ነበረ። ከየት አገር እንደ ሆነ አላውቅም፤ ነገር ግን አንድ ሌሊት እጁ ከብዶ ስሰማው እንደ ታመመ ገባኝ። ብጠይቀው ወባ እንደ ያዘው ነገረኝ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ አድማጮች የጀርመንን ኦፕሬተሮች በእጃቸው እየለዩ የጦር ክፍሎቹን መንቀሳቀስ ይከታተሉ እንደ ነበር ሳነብ ምንም አላስደነቀኝም።

መምቻውም ቢሆን ብዙ ዓይነት ነው። ወደ ላይና ወደ ታች የሚመታው ተራው መምቻ እጅን ያደክማል። ክንዱን በጠረጴዛ ላይ ሳያሳርፍ፣ ከአንጓው ሳይሆን ከጣቱ ብቻ የሚመታ ሰው፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ እጁ ይደነዝዝበታል። ይህን ለማቃለል አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ጐን የሚገፋ መምቻ አወጡ። ቫይብሮፕሌክስ ይባላል። አውራ ጣት ወደ ቀኝ ሲገፋው አንዲት የምትወዛወዝ ዘንግ ነጥቦቹን በራስዋ ታወርዳለች፤ ሰረዙን ግን በሌላው ጣት እየለኩ መላክ ያስፈልጋል። እኔም ከጊዜ በኋላ አንድ ገዝቼ ነበር። ይሁን እንጂ ባሕሩ ሲናወጥና መርከቢቱ ስትንጋለል ወደ ተራው መምቻ እመለሳለሁ። ፈጣኑ መሣሪያ ለጸጥታ ቀን ነው፤ ለክፉ ቀን የሚሆነው ቀላሉ ነው።

ከባሕር ኃይል ከወጣሁ በኋላ በ1960 ዓ.ም. በአንዲት የጭነት መርከብ ላይ የራዲዮ ኦፕሬተር ሆኜ ገባሁ። በዚያን ጊዜ መርከበኞች ሁሉ የራዲዮውን ሰው «ስፓርክስ» ብለው ይጠሩት ነበር፤ ፍንጣሪ ማለት ነው። የጥንቱ ማሰራጫ በእሳት ፍንጣሪ ይሠራ ስለ ነበር የወጣ ስም ነው። የራዲዮው ክፍል መሪው ከሚቆምበት በስተኋላ የምትገኝ ጠባብ ክፍል ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ ባሕሩ ሲናወጥ ወንበሩን ከወለሉ የሚያስር ሰንሰለት፣ ተቀባዩና ማሰራጫው፣ ማዳመጫው፣ ታይፕና አንድ የግድግዳ ሰዓት። ብቻዬን ስለ ነበርኩ በቀን ስምንት ሰዓት በየሁለት ሰዓቱ እያረፍሁ አዳምጣለሁ።

የዚያን የግድግዳ ሰዓት ነገር ልንገራችሁ። በፊቱ ላይ ሁለት ቀይ ቍራጮች ተቀብተውበታል፤ አንዱ ከ15ኛው እስከ 18ኛው ደቂቃ፣ ሁለተኛው ከ45ኛው እስከ 48ኛው ደቂቃ። የደቂቃው ዘንግ ከቀዩ ላይ በደረሰ ጊዜ በ500 ኪሎሳይክል የሚሠራ የዓለም መርከብና የጠረፍ ጣቢያ ሁሉ መምቻውን ይለቃል። ማንም አይልክም፤ ሁሉም ያዳምጣል። ከዚያ በፊት ገበያ ይመስል የነበረው አየር በአንድ ጊዜ ጸጥ ይላል። ይህም በጩኸቱ መካከል ድምፁ ሊሰማለት ያልቻለ፣ ባትሪው የደከመ፣ እየሰጠመ ያለ ሰው ካለ እንዲሰማ ነው። በሰዓት ሁለት ጊዜ፣ በቀን አርባ ስምንት ጊዜ፣ ዓለም ለማይታወቅ ችግረኛ ሲል ዝም ይል ነበር። ከሰው ሥራ ሁሉ ይህን የሚያህል ጨዋነት አላየሁም።

ይህ ሥርዓት በነጻ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1912 ታይታኒክ የተባለችው ታላቅ መርከብ ከበረዶ ተራራ ጋራ በተጋጨች ጊዜ ካሊፎርኒያን የምትባል ሌላ መርከብ በአካባቢው ቆማ ነበር። ነገር ግን የነበራት አንድ ኦፕሬተር ብቻ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ ግጭቱ ከመድረሱ ጥቂት ደቂቃ አስቀድሞ መሣሪያውን ዘግቶ ተኛ። ጥሪውን የሰማችው ርቃ የነበረችው ካርፓቲያ ናት። የካርፓቲያም ኦፕሬተር ሊተኛ ልብሱን እያወለቀ ሳለ ማዳመጫውን ከጆሮው ስላላነሣ ነው የሰማ። ከ700 በላይ ሰዎች ዳኑ፤ 1,500 ያህል አለቁ። ጃክ ፊሊፕስ የተባለው የታይታኒክ ኦፕሬተር መርከቢቱ እስክትሰጥም ድረስ መምቻውን ሳይለቅ ሲጠራ ቆይቶ እርሱም ሞተ። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1914 ለንደን ላይ መንግሥታት ተሰብስበው የባሕርን ደኅንነት ሕግ አወጡ። ኋላም ሰው በማያዳምጥበት ሰዓት የሚያዳምጥ መሣሪያ ተሠራ። እያንዳንዳቸው አራት ሴኮንድ የሚፈጁ አሥራ ሁለት ሰረዞች በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሲላኩ መሣሪያው ይለያቸውና ደወል እየደወለ የተኛውን ኦፕሬተር ይቀሰቅሰዋል።

በነገራችን ላይ ኤስ ኦ ኤስ የሚባለው የጭንቅ ጥሪ «ነፍሳችንን አድኑ» ማለት ነው ሲባል ትሰማላችሁ። ይህ ትርጉም ኋላ የተሰጠው ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 በርሊን ላይ ሲመረጥ ቃል ሆኖ አልነበረም። ሦስት ነጥብ፣ ሦስት ሰረዝ፣ ሦስት ነጥብ ያለ ዕረፍት ሲላክ ከሌላ ከምንም ጋራ ስለማይምታታ ተመረጠ።

እኔ ራሴ ጥሪውን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ብዙውን ጊዜ ከእኛ የቀረበ ሌላ መርከብ ስለሚኖር እርሱ ይመልሳል፤ የእኛ ድርሻ የሰማነውን በመዝገብ ላይ ጽፈን ዝም ማለት ብቻ ይሆናል። አንድ የክረምት ሌሊት ከፈረንሳይ በስተምዕራብ ባለው ባሕር ላይ አንዲት ታናሽ መርከብ ስትጠራ ለአርባ ደቂቃ ያህል መምቻዬን ሳልነካ ተቀምጫለሁ። መናገር እየቻሉ፣ ለመርዳትም እየጓጉ፣ የቀረበው እንዲሰማ ብሎ ዝም ማለት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚፈልግ ያን ሌሊት ዐወቅሁ። በመጨረሻ ሰዎቹ ሁሉ መውጣታቸውን ሰማሁ። እኔ ምንም አላደረግሁም፤ ነገር ግን ምንም አለማድረጌ ያን ሌሊት ሥራ ነበር።

አሁን ከትዝታዬ ሁሉ አብልጦ ከልቤ ያልወጣውን ልንገራችሁ።

በ1961 ዓ.ም. ነው። የስዊዝ ቦይ እ.ኤ.አ. ከጁን 1967 ጀምሮ በጦርነት ምክንያት ተዘግቶ ስለ ነበር ከአሰብ ወደ አውሮፓ የምንሄደው አፍሪካን ዞረን ነበር። መንገዱ ከእጥፍ በላይ ይረዝማል። ደብዳቤ ከሰው እጅ የሚደርሰው ወደብ ሲገባ ብቻ ነው። በመካከሉ ያለችው ገመድ የእኔ መምቻ ብቻ ነበረች። በእንግሊዝ አገር የነበረው የፖርቲስሄድ ራዲዮ በየተወሰነው ሰዓት መልእክት ያላቸውን መርከቦች ስም በዝርዝር ይጠራል። የመርከባችን ስም ሲጠራ ወረፋ ይዤ ተራዬ ሲደርስ እቀበላለሁ።

ቴሌግራም የሚላከው በላቲን ፊደል ነው፤ በዓለም አቀፉ ሞርስ ውስጥ የእኛ ፊደል የለምና። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ወሬ ቋንቋው አማርኛ፣ ፊደሉ የፈረንጅ ነው። ዋጋውም በቃል ቍጥር ስለሚታሰብ ሰው ሁሉ ያሳጥራል። በዚህ ላይ ላቲኑ «ጠ»ን ከ«ተ»፣ «ቀ»ን ከ«ከ» አይለይም። «መጣ»ና «መታ» አንድ ይሆናሉ። ብዙውን ጊዜ ይህ የሚያስቅ ነገር ነበር። አንዱ መርከበኛ «ወንድምህ መጣ» የሚለውን «ወንድምህ መታ» ብሎ አንብቦ ማንን እንደ መታ ሲጨነቅ ሳምንት ከርሞአል።

በሞተር ክፍል ሞተሩን ዘይት የሚያጠጣ አንድ የወሎ ልጅ ነበረ። ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። በአሰብ ከመነሣታችን በፊት አባቱ ትንሽ እንዳመማቸው ሰምቶ ነበር። እኒህ አባት በጣልያን ወረራ ጊዜ በአርበኝነት የተዋጉ ናቸው። በአውራጃቸው ተሰብስቦ አሮጌ አርበኞችን የማክበር ሐሳብም እንደ ነበረ ልጁ አጫውቶኛል። ከአሰብ ከወጣን በሁለተኛው ሳምንት ወደ ደቡብ ጫፍ ስንቃረብ በስሙ ቴሌግራም መጣ። ላኪው ታላቅ ወንድሙ ነው። ንባቡ እንዲህ ይላል፤ «አባባ እሑድ» ካለ በኋላ አንድ ስምንት ፊደል ያለው ቃል ይመጣል፤ ከዚያ «እማማ ደኅና ናት በርታ» ይላል።

ያ ቃል በላቲን ሲነበብ «ተከበሩ» ይሆናል። «ተቀበሩ»ም ይሆናል።

ወዲያው ጣቢያውን «ከእሑድ በኋላ ያለውን ቃል ድገምልኝ» አልሁት። ደገመልኝ። ያው ነው፤ ሦስተኛው ፊደል «ኬ» ነው፤ ዳ-ዲ-ዳ። ላኪው «ቀ»ን በ«ኪው» ጽፎት ቢሆን ኖሮ ዳ-ዳ-ዲ-ዳ ይሆን ነበር። በመከበርና በመቀበር መካከል ያለችው አንዲት ሰረዝ ናት፤ እርስዋም አልነበረችም። ላኪው ያልጻፋትን እኔ ልጨምራት አልችልም። እንዳለችም ቈጥሬ ላዝን፣ እንደሌለችም ቈጥሬ ደስ ሊለኝ አይገባኝም። ቃሉ ግልጥ እንዲሆን አዲስ አበባ ያለው ቢሮ ላኪውን እንዲጠይቅ የአገልግሎት መልእክት ላክሁና ወረቀቱን ይዤ ልጁን ፈለግሁት።

ልጁ አነበበው። ፊቱ በራ። «ጋሼ፣ ተከበሩ! አባቴን አከበሯቸው!» ብሎ አቀፈኝ።

በሕይወቴ ከተናገርኋቸው ቃሎች ሁሉ የከበደኝ ያን ጊዜ የተናገርሁት ነው። «ወንድሜ፣ እኔ የሰማሁት ፊደሉን ነው» አልሁት። «ይህ ፊደል "ከ"ም ይሆናል፤ "ቀ"ም ይሆናል። የትኛው እንደ ሆነ አላውቅም። ጠይቄአለሁ፤ መልሱ እስኪመጣ ሁለቱንም ያዝ።» ወረቀቱን ዳግመኛ አየው። ከዚያ በቀስታ አጥፎ ከደረት ኪሱ ከተተውና «ተከበሩ ነው ጋሼ» አለኝ። እኔም «ያድርግልህ» ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ በተገናኘን ቍጥር ምንም ሳይጠይቀኝ ዓይኔን ብቻ ያያል። እኔም ምንም ስላልነበረኝ ምንም አላልሁትም። በሦስተኛው ሌሊት የመርከባችን ስም ተጠራ። ወረፋዬን ጠብቄ እርሳሴን አነሣሁ። ሞርስ ፊደል በፊደል ስለሚመጣ ሰው ዓረፍተ ነገሩን ቀስ በቀስ ይጐነጨዋል እንጂ በአንድ ጊዜ አያየውም። የላኪው ማስተካከያ ከሁለት ቃል አይበልጥም ነበር። ዳ-ዲ፤ «ኤን»። ዲ፤ «ኢ»። ዲ-ዲ-ዳ-ዲ፤ «ኤፍ»። ከዚህ ወዲያ ያለው ምን እንደ ሆነ ልቤ ዐወቀ። ነገር ግን መምህሬ እንዳስተማረኝ ልቤ የጨረሰውን ሳይሆን ጆሮዬ የሰማውን እስከ መጨረሻው ጻፍሁ። «ነፍስ ይማር» ይላል። ይህ ቃል በማንኛውም ፊደል ቢጻፍ ሌላ ንባብ የለውም።

እናንተ እንደምታውቁት በአገራችን መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሽማግሌዎች ይመካከራሉ፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ማለዳ በር ይንኳኳል፤ ሰውዬው ብቻውን እንዳይሆን ተደርጎ ይረዳል። እኔ ግን የያዝሁት ወረቀት ነው። በዚያ ላይ የምስክር ወረቀት ስንቀበል የሰውን ምስጢር ለመጠበቅ ቃል ገብተናል፤ ከባለቤቱ በፊት ለማንም ላሳይ አልችልም። ልጁ በዚያ ሰዓት በሞተር ክፍል በሌሊት ፈረቃው ላይ ነበር። ካፒቴናችን የውጭ አገር ሰው ነው። ወረቀቱን ሳላሳየው «ከባድ መልእክት ይዣለሁ፤ ሰውየው ከሚሽከረከር ብረት አጠገብ ነው፤ ፈረቃውን ጨርሶ ሲወጣ ልስጠው ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። «እንዲያ ይሁን» አለኝ።

ከዚያ ወደ መርከበኞቹ አለቃ ሄድሁ። የምጽዋ ሰው፣ ሽማግሌ እስላም ናቸው። «አባት፣ ለማለዳ ቡና ይፈላ፤ የአገር ልጆችም ሁሉ ይሰብሰቡ» አልኋቸው። ለምን እንደ ሆነ አልነገርኋቸውም። ፊቴን አዩት። እርሳቸውም አልጠየቁኝም።

ልጁ ከሞተር ክፍል ሲወጣ ሰባት ሰዎች ቡና ከበው ተቀምጠው አገኘ። ቆም አለ። ወረቀቱን በእጄ ሰጠሁት፤ አነበበው። ከዚያ በኋላ የሆነውን መጻፍ አያስፈልግም፤ ልቅሶ በባሕርም በየብስም አንድ ነው። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ እኛም «ነፍስ ይማር» አልን። ካፒቴኑ ባርኔጣውን አውልቆ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ነበር።

ሐዘኑ ጥቂት በረድ ካለለት በኋላ ልጁ ወደ እኔ ክፍል መጣ። ሁለቱንም ወረቀት በእጁ ይዞአል። «ጋሼ፣ የመጀመሪያውን አልጥለውም» አለኝ። «ይህም ውሸት አይደለም፤ አባቴ ተከብረው ነው የተቀበሩ።»

ከዚያ ወዲህ በመርከባችን አንድ ልማድ ተጀመረ። አንዲት ታናሽ ሰሌዳ ጽፌ ለአገሬ ልጆች ሁሉ ሰጠሁ፤ እነርሱም ለየቤተ ሰባቸው ላኩ። «ቀ» በ«ኪው» ይጻፍ፤ ከባድ ወሬ ሲሆን የአንድ ቃል ዋጋ አይቈጠብ፤ አንዱን ነገር በሁለት ቃል ንገሩ ይላል። ብዙ ዘመን ሠራበት። ታላላቅ ሥራዎችን አልሠራሁም፤ ይህችን ሰሌዳ ግን እንደ ሥራ እቈጥራታለሁ።

ዛሬ ያ ሁሉ አልፎአል። ምጽዋና አሰብ የኤርትራ ወደቦች ሆነዋል። መርከቦችም የሚነጋገሩት በሳተላይት ነው። አዲሱ የባሕር የጭንቅ ጥሪ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1992 ተጀምሮ በፌብሩዋሪ 1 ቀን 1999 በሙሉ ሥራ ላይ ዋለ፤ የራዲዮ ኦፕሬተርም ከመርከብ ወረደ። ፈረንሳዮች በጃንዋሪ 1997 የሞርስ ማዳመጫቸውን ሲዘጉ ይህ ከዘላለም ዝምታቸው በፊት የመጨረሻ ጩኸታቸው መሆኑን ለሁሉም ተሰናብተው ነው የዘጉት። አሜሪካኖቹ በጁላይ 1999 የመጨረሻውን የንግድ መልእክት ሲልኩ ሞርስ በ1844 የላከውን የመጀመሪያ ቃል ደግመው ሥራቸውን ፈጸሙ። ፖርቲስሄድም በ2000 ተዘጋ። አሁን መምቻውን የሚመቱት ለፍቅሩ ሲሉ የሚሠሩ ራዲዮ ወዳዶች ናቸው፤ እነርሱም በዓለም ሁሉ ብዙ ናቸው።

በዚህ አላዝንም። አዲሱ መሣሪያ አንድ ቍልፍ ሲነካ መርከቢቱ ያለችበትን ቦታ ጭምር ይናገራል፤ አይተኛም፤ እጁም አይደነዝዝም። ጃክ ፊሊፕስ ቢያገኘው ኖሮ ብዙ ነፍስ ይተርፍ ነበር። ደግሞም ዛሬ በየኪሳችን ባለው ስልክ በገዛ ፊደላችን እንጻጻፋለን፤ «ቀ» «ቀ» ናት፤ «ከ»ም «ከ»።

ይሁን እንጂ ፊደሉ ስለ ተለየ ብቻ መልእክት በትክክል ይደርሳል ማለት አይደለም። ያልሰማነውን እንደ ሰማን አድርገን የምናስተላልፍ፣ የሰማነውን ቀንሰን የምናደርስ፣ ከባለቤቱ በፊት ለጎረቤት የምናሳይ እኛው ነን። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» እንደ ተባለው የተላከ ቃል አይመለስም። ስለዚህ ነገ ጠዋት በጠረጴዛችሁ ላይ የአንድ ባላገር ማመልከቻ ስታገኙ የተጻፈውን እንደ ተጻፈ አንብቡት። ያልገባችሁ ቃል ካለ በግምት አትሙሉት፤ ላኪውን ጠይቁት። መልሱም ከባድ በሆነ ጊዜ ለባለቤቱ ብቻውን ሳለ አትስጡት፤ አስቀድማችሁ ቡና አስፈሉለት።